ራውንድአፕ የተረጨ ማሳና የጉድጓድ ውኃ

የአርሲ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ስንዴ ከመዝራቱ በፊት ማሳው ላይ ራውንድአፕ የሚባለውን የአረም ማጥፊያ ይረጫል። የምንጠጣው ጉድጓድ ከማሳው በታች ነው። ሻጩ "አፈር ሲነካ ይጠፋል" ብሎታል፤ እውነት ነው?

አፈሩ፦ ግማሹ ብቻ። ራውንድአፕ ውስጥ ያለው አረም ገዳይ ንጥረ ነገር፣ ግላይፎሴት፣ አፈር ላይ አጥብቆ ይጣበቃል፣ ተህዋስያንም ይሰባብሩታል፤ ግን ሲሰባበር አምፓ የሚባል ነገር ይተዋል፣ እሱ ደግሞ ከራሱ ከግላይፎሴት ይልቅ ይቆያል። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ሁለቱም ከአፈሩ ጋር ይታጠባሉ። ዝናብ ሊጥል ሲል በፍጹም አይርጭ! ጉድጓዱ አጠገብም እንደዛው።

ሰላም፦ ካንሰር ያመጣል የሚባለውስ?

አፈሩ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. "ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም" ከሚባሉት መደበው። የአሜሪካና የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ግን በዚህ አልተስማሙም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ረጪው ነው። ጓንትና ቦቲ ያድርግ።

እማማ ዘር፦ ባዶውን ጀሪካን ለውኃ እንዳትጠቀሙበት፣ እባካችሁ!