ክርክር፦ በጣና ዳር የጎልድፊሽ ኩሬ ይሠራ ወይስ አይሠራ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄ ይኸው ነው። ባሕር ዳር ላይ፣ ልጆች በሚዝናኑበት የሐይቅ ዳር ቦታ፣ የጎልድፊሽ ኩሬ ይሠራ የሚል ሐሳብ መጥቷል። ያመጡት ልጆቻቸው አኒማል ክሮሲንግ የተባለውን የኒንቴንዶ ጌም የሚጫወቱ ወላጆች ናቸው። በጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ ደሴት ላይ ይኖራል፤ ቤቱን ያሳምራል፣ ፍራፍሬ ይለቅማል፣ አሳ ያጠምዳል። ከሚሰበስባቸው አሳዎች አንዱ ጎልድፊሽ የሚባለው ቀይ የጌጥ አሳ ነው። እኔ ኩሬውን እቃወማለሁ፤ አወያይ ብሆንም አቋሜን አልደብቅም። ግን መጀመሪያ እናንተን ልስማ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ሐሳቡን ካመጡት አንዱ እኔ ነኝ። ልጆቼ ክረምቱን ሙሉ ስክሪን ላይ ተተክለው ነው የሚውሉት። በጌሙ የሚያዩትን አሳ በዓይናቸው ቢያዩ ምን ክፋት አለው? እዚህ ከተማ ልጅ ይዞ የሚኬድበት ቦታ ስንት ነው? ሐይቅ ዳር ወጥተን፣ ለስላሳ ጠጥተን እንመለሳለን። ኩሬ ቢኖር ልጆቹ አሳውን ይመግባሉ፤ ስለ ውሃ፣ ስለ እንስሳ ይጠይቃሉ። ጎልድፊሽ ደግሞ ሰላማዊ አሳ ነው። ጣና ውስጥ ይጨመር ያለ ሰው የለም። ኩሬ ሌላ፣ ሐይቅ ሌላ።

ጌም የሚጫወት ተማሪ፦
ጋሼ እውነታቸውን ነው፤ በጌሙም ቢሆን የኩሬ አሳ ነው። እኔ የምጫወተው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ኒው ሆራይዘንስን ነው። እዚያ ጎልድፊሽ የሚገኘው ኩሬ ውስጥ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ ቀንም ሌሊትም ይያዛል። በ1,300 ቤል ይሸጣል፤ ቤል የጌሙ ገንዘብ ነው። ዓይኑ የፈጠጠው ዝርያም ዋጋው ያው ነው፤ የሚያዘው ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ብቻ ነው። ራንቹ የሚባለው የጎልድፊሽ ዝርያ 4,500 ያወጣል። አንድ ነገር ልጨምር። ቲላፒያም አለ፤ የኛው ቀረሶ ማለት ነው። እሱ ግን 800 ቤል ብቻ ነው። ቀረሶ ከጎልድፊሽ ማነሱ ሁሌም ይከነክነኛል።

አሳ አስጋሪ፣ ከዘጌ፦
ይከንክንህ ልጄ። በዚህ ሐይቅ ዳር ስንት ቤት የሚያድረው በቀረሶና በአምባዛ ነው።
እኔ ስለ ጌሙ አላውቅም። ስለ እምቦጭ አረም ግን አውቃለሁ። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። መጀመሪያ ያየነው ጊዜ ጥቂት ነበር፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በኋላ መረባችንን ዋጠው፣ ታንኳ አላሳልፍ አለ፣ ከብት ውሃ የሚጠጣበትን ዳር ዘጋው። ስለዚህ ለጌጥ ተብሎ ከውጭ የመጣ ነገር ወደዚህ ውሃ ሲጠጋ እኔ እፈራለሁ።

የባዮሎጂ መምህርት፦
አባባ የተናገሩትን ላጠናክር። ጎልድፊሽ ቻይና ውስጥ ከሺህ ዓመት በላይ ሰው ያራባው አሳ ነው፤ ከካርፕ ቤተሰብ ነው። በትንሽ መስታወት ውስጥ ስለምናየው ትንሽ ይመስለናል። ሰፊ ውሃ ካገኘ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ዕድሜውም በአሥር ዓመታት ይቆጠራል። በረዶ በሸፈነው ኩሬ ሥር ኦክስጅን ቢያልቅ እንኳ በሰውነቱ አልኮል እያመረተ መቆየት የሚችል ፍጥረት ነው። ምግቡን የሚፈልገው ጭቃ እየቆፈረ ነው። ውሃውን ያደፈርሳል፣ የውሃ ውስጥ ተክል ይነቅላል።
እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ የበርንስቪል ከተማ አስተዳደር ከአንድ ሐይቅ የወጡ ግዙፍ ጎልድፊሾችን ፎቶ አሳይቶ ሕዝቡን ተማጽኗል። የቤት አሳችሁን ሐይቅና ኩሬ ውስጥ አትልቀቁ ነው ያለው። እነዚያ አሳዎች መነሻቸው ሳሎን ነበር።

የሁለት ልጆች አባት፦
መምህርት፣ ያ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ አምባዛ አለ፣ ፔሊካን አለ፣ አሳ የሚያድን ንስር አለ። እንደዚያ የሚያበራ ቀይ አሳ አንድ ሳምንት የሚቆይ አይመስለኝም።

የባዮሎጂ መምህርት፦
ቀዮቹን በአብዛኛው አዳኞች ይበሏቸዋል፤ ልክ ነዎት። ችግሩ ልጆቻቸው ናቸው። ጎልድፊሽ ዱር ገብቶ ከተራባ፣ ከትውልድ ትውልድ ቀለሙ ወደ ዱሮው ይመለሳል። ቡናማና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ይሆናል። ያኔ ንስሩም አይለየውም። አንዲት እናት በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ተክል ላይ ይጣበቃል። አሳ አርቢዎች ጎልድፊሽ እንዲራባላቸው ሲፈልጉ ኩሬው ላይ ምን እንደሚያንሳፍፉ ታውቃላችሁ? እምቦጭ። ሥሩ ለእንቁላሉ ተስማሚ ነው። እኛ ያንን አልጋ በሄክታር አንጥፈን ነው የተቀመጥነው።

አሳ አስጋሪ፣ ከዘጌ፦
በስመ አብ!

የአኳሪየም ነጋዴ፦
እኔም የምለው አለኝ። መስታወት እየቆረጥኩ አኳሪየም እሠራለሁ፤ ጌጠኛ አሳም እሸጣለሁ። ጎልድፊሽ ጭራሽ ይከልከል ከተባለ እንጀራዬን መንካት ነው። ሳሎን ውስጥ ያለ አሳ በጎርፍ አይወጣም። እኔ ለደንበኞቼ እነግራለሁ፤ አሳው ከሰለቻችሁ መልሱልኝ፣ እቀበላለሁ። ደግሞ ጣናን እየጎዳ ያለው ጎልድፊሽ ነው እንዴ? ነጭ አሳ ለመራባት ወደ ወንዝ ሲወጣ የወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋው ማነው? ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽስ? እዚያ ላይ ዝም ብለን ገና ባልተሠራ ኩሬ ላይ መነታረክ ፍትሐዊ አይደለም።

አወያይ፦
ወንድሜ፣ መረቡንም ፍሳሹንም ያነሳኸው ትክክል ነው፤ በሁለቱም እስማማለሁ። አሳው ከሰለቻችሁ መልሱልኝ ማለትህ ደግሞ ደስ ብሎኛል። እንዲህ የሚል ሻጭ ይብዛልን። እኔ የቤት አኳሪየም ይከልከል አላልኩም። የምቃወመው ሐይቁ ጫፍ ላይ ያለ ክፍት ኩሬ ነው።
ጣና ክረምት ላይ ይሞላል። በሰኔ የደረቀው ዳር በመስከረም ውሃ ውስጥ ነው። የፎገራና የደንቢያ ሜዳ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ሁላችንም አይተናል። ሐይቅ ዳር የተቆፈረ ኩሬ በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ከሐይቁ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ጎርፉ እንኳ ቢቀር፣ ኩሬው ጽዳት ሲያጣ አንድ ሠራተኛ አዝኖላቸው በባልዲ ይወስዳቸዋል። የት ይመስላችኋል የሚደፋቸው? እምቦጭ ሲመጣ ቢያንስ ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ በእጁ ነቅሏል። አሳን ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚሰፋ ሐይቅ ማን ይለቅመዋል?
ጣና ላይ ያለው ሀብት ደግሞ ሌላ ቦታ ሄደን የምንተካው አይደለም። እኛ በጅምላ ነጭ አሳ የምንላቸው ከደርዘን በላይ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። ከጎልድፊሽ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ስለዚህ የሱ ጥገኛ ትሎችና በሽታዎች ወደነሱ ሊተላለፉ ይችላሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው እዚሁ ለየብቻቸው ተለውጠው፣ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ ሆነው ቀሩ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጌም የሚጫወት ተማሪ፦
ይቅርታ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እዚሁ አድጌ ከአንድ በላይ ነጭ አሳ መኖሩን ዛሬ ሰማሁ።

አወያይ፦
አየህ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ጌሙን ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ፤ ወድጄዋለሁም። በተለይ ሙዚየሙን። ብላዘርስ የሚባል ጉጉት አለ። ልጁ አዲስ አሳ ሲይዝ ወስዶ ይሰጠዋል። ጉጉቱ ከየዓይነቱ አንድ ብቻ ይቀበላል፤ ስለ አሳው ያብራራል፤ አኳሪየም ውስጥ ያስገባዋል። ጌሙ ውስጥ 80 ዓይነት አሳ አለ። ልጄ ሁሉንም በስም ይጠራል። ከደጃችን ካለው ሐይቅ ግን ከሦስት አያልፍም። ከጌሙ የምንወስደው ነገር ካለ ኩሬው ይቅርና ሙዚየሙን እንውሰድ። በዚያው ቦታ መስታወት ይሠራ፤ የጣና አሳዎች ይግቡበት፤ ስማቸው በአማርኛ ይጻፍ። የጣና አሳ ቢያመልጥ ወደ ቤቱ ነው የሚመለሰው፤ ማንንም አይጎዳም።

የሁለት ልጆች አባት፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ከልብህ ንገረኝ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ግራጫ አሳ ለማየት ይሰለፋል?

የባዮሎጂ መምህርት፦
ታሪካቸውን ከነገሩት ይሰለፋል። የካርፕ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። በዓለም ላይ አብዛኞቹ የዚህ ቤተሰብ አሳዎች ሌላ አሳ አድነው አይበሉም። የጣናዎቹ ግን ግማሽ ያህሉ አዳኞች ናቸው። ጥርስ በሌለው መንጋጋ አሳ ያሳድዳሉ። እኔ ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር የኋላ ወንበር ላይ ያሉትም ዝም ይላሉ።

የሁለት ልጆች አባት፦
እሺ፣ ክፍት ኩሬውን ትቻለሁ። አንድ መስታወት ግን ለጎልድፊሽ ይሰጥ። በቤት ውስጥ፣ ከሐይቁ ራቅ ብሎ። ልጆቹ በሚያውቁት ጀምረው ወደማያውቁት ይሂዱ። በዚህ አልለቅም።

የአኳሪየም ነጋዴ፦
በዚህ እኔም ከርስዎ ጋር ነኝ። መስታወቱን እኔ እሠራለሁ። ለሁሉም።

አወያይ፦
ጎልድፊሹ ላይ እስካሁን አልተስማማሁም፤ ግን ይታሰብበት። አባባ፣ ነጭ አሳ በሕይወት ማምጣት ይቻላል?

አሳ አስጋሪ፣ ከዘጌ፦
በመረብ የተያዘው ቅርፊቱ ይላጣል፣ ቶሎ ይሞታል። በመንጠቆ ነው የሚሻለው፤ በማለዳ፣ ውሃው ሳይሞቅ። በርሜል ይዛችሁ ኑ፤ የሐይቁን ውሃ ሙሉበት፣ ጥላ ይኑረው። ደግሞ ሐምሌ ሳይገባ ይሁን። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣል፤ ያኔ ለመስታወትም ቢሆን አንነካውም።