የሕመም እንግሊዝኛ ስልጠና ፕሮፖዛል፦ እስቲ ሐሳብ ጣሉበት

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ቤተሰብ እንዴት ከረማችሁ። የነርሶቹ ማኅበር ከኛ ከአስጎብኚዎቹ ጋር ፕሮፖዛሉን አብረን እናስገባ ስንላቸው እሽ ብለዋል፣ አሁን የቀረው ውስጡ ምን ይሁን የሚለው ነው። ረቂቁ ላይ «ለአስጎብኚዎችና ለነርሶች፣ ሕመምን በእንግሊዝኛ መጠየቅና መረዳት» ብዬዋለሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ካልጨረስነው ጥቅምት ሲገባ ግማሻችሁ ደባርቅ ናችሁ ማን ይገኛል። ላይክ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታልፉ!

የተራራ ጋይድ፦ 50 ቃል ሸምድዱ የሚል ከሆነ እኔ የለሁበትም። ሰሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ ካምፕ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፣ ከፍታው ራሱ ያሳምማል፣ እንግዳው ማታ ላይ ራሴ «ስሮብ» ያደርጋል ካለህ ልብ በመታ ቁጥር ድው ድው እያለ ይጠዘጥዘዋል ማለት ነው፣ እሱ ላይ ማቅለሽለሽና ማዞር ከታከለበት ነገ ቧሂት ተራራ እንወጣለን ብሎ ነገር የለም፣ እየባሰበት ከሄደ ማውረድ ነው። ቁጭ ባለበት ትንፋሽ እያጠረው ደረቴን «ታይት» አለኝ፣ ጨምድዶ ያዘኝ ካለማ ጭራሽ እስኪነጋ አይጠበቅም። ግን ይሄን ሁሉ ለማወቅ መጠየቅ መቻል አለብን፦ መቼ ጀመረህ፣ ድንገት ነው ቀስ እያለ፣ መጣ ሄድ ይላል ወይስ አይለቅም? እኛ እኮ «ዩ ሲክ?» ብለን፣ እሱም «የስ» ብሎ፣ አለቀ።

ነርሷ፦ ልክ ብለሃል ወንድሜ። እኛም ጋ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጠኝ እንላለን፣ 7 ይልሃል፣ ግን 7 የሚወጋ ነው የሚያቃጥል ነው የሚቆርጥ ነው ቁጥሩ አይነግርህም። ሮናልድ ሜልዛክ የሚባል የካናዳ ሳይኮሎጂስት በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው የማክጊል የሕመም መጠይቅ አለ፣ 78 ቃላት በ20 ቡድን። ሁሉንም እንማር አላልኩም ኧረ! አከፋፈሉን ብቻ እንውሰድ ነው፣ የሚወጋው ለብቻ፣ የሚያቃጥለው ለብቻ፣ የሚያስፈራና የሚያዝለውም የራሱ ቦታ አለው።

መምህሩ፦ ልጆች፣ ቃሉ አያስቸግርም፣ «ስታብ» ወጋ፣ «በርን» አቃጠለ፣ «ክራምፕ» እንደ ቁርጠት ጨምድዶ ሲይዝ፣ «ኤክ» ደግሞ አጥንት ሲቆረጥም ሳይለቅ የሚውል የሚያድር። (ፊደሉን አይታችሁ «አቼ» የምትሉ አላችሁ፣ ተዉ።) አረፍተ ነገሩ ነው ጣጣው። በኛ «እግሬን አመመኝ» ይባላል፣ እንግሊዝኛው ግን እግሩን ራሱን ባለቤት ያደርገዋል፣ «ማይ ሌግ ሃርትስ»። ገልብጣችሁ «አይ ሃርት ማይ ሌግ» ካላችሁ እግሬን ጎዳሁት ማለት ሆነ፣ ሐኪሙም የት ወደቅህ ብሎ ይጀምራል። «ማይ ሄድ ኢዝ ፔይኒንግ» የምትሏትም ትቅር፣ «ፔይን» ግስ ሲሆን በብዛት ለሐዘን ነው።

ሊቀመንበሩ፦ ጋሼ ይሄ ግሩም ነው። እኔ ግን ረቂቁ ላይ «የስሜት ሕመም» የሚለው ክፍል ይውጣ እላለሁ፣ እኛ ሳይኮሎጂስት አይደለን፣ ገንዘብ ሰጪውም ግራ ይገባዋል።

የከተማ አስጎብኚ (ሴቷ)፦ ኧረ አይውጣ! ፋሲል ግቢ እያስጎበኘህ አንዷ ስልኳን አይታ እንባ በእንባ ስትሆን ምን ልትል ነው፣ «ኖ ፕሮብሌም»? አሽሙር ወይ ስድብ ወዲያው ሲለበልብ «ስቲንግ» ይሉታል፣ ናፍቆት ሲያንገበግብ ያው «ኤክ» ነው፣ ሰው የሞተባት ደግሞ ወራት ሙሉ «ግሪቭ» ታደርጋለች፣ ሐዘን ላይ ናት ማለት ነው። እኛም እኮ አንጀቴ ተቃጠለ እንላለን፣ ፈረንጅ ይሄን በቁሙ ብትነግሪው ጨጓራ መድኃኒት ነው የሚፈልግልሽ ሃሃ።

ነርሷ፦ እኔም ከሷ ጋር ነኝ። ድንጋጤና ሐዘን ደረት ይጫናል፣ ልብ ድካም ነው ወይስ ሌላ ብሎ መለየት የሐኪም ሥራ ነው፣ አስጎብኚው ግን ሰውየው ያለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ቢያደርስልን በቂያችን ነው። ደረቱን «ስኩዊዝ» አለኝ ያለውን «ስታብ» ብሎ የሚነግረኝ አስጎብኚ ያሳስተኛል፣ የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጨምቅ የሚጫን እንጂ የሚወጋ አይደለም።

ሊቀመንበሩ፦ እሽ ይግባ፣ ግን ግማሽ ቀን ብቻ። ሌላውስ?

የተራራ ጋይድ፦ ልምምዱ በተግባር ይሁን። አንዱ አግዳሚ ላይ ተኝቶ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ያቃስት፣ አንዱ ይጠይቅ፣ ሦስተኛው በስልክ ለነርሷ ያስተላልፍ፣ መጨረሻ ላይ የደረሳትንና መጀመሪያ የተባለውን እናስተያይ። በቅሎ ነጂዎቹና ስካውቶቹም (መሣሪያ ይዘው እንግዳ የሚያጅቡት) ይጠሩ፣ ሌሊት እንግዳው ድንኳን አጠገብ የሚያድሩት እነሱ ናቸው።

ጸሐፊዋ፦ ስካውቶቹን ጨምሬያለሁ፣ ግን ለነሱ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ብቻ፣ የእንግሊዝኛ ጥያቄዎቹም በግዕዝ ፊደል። ጋሼ የአረፍተ ነገሩን ክፍል እርስዎ ይጻፉልኝ፣ እህቴ አንቺ የደረቱንና የራስ ምታቱን። በጀት ላይ አዳራሽ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሻይ ዳቦ ነው ያስገባሁት፣ አበል የሚል ሰው ካለ አሁኑኑ ይናገር እንጂ ከገባ በኋላ እንዳታጉረመርሙብኝ። እስከ ዓርብ ማታ ላኩልኝ፣ ቅዳሜ አጠናቅሬ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

መምህሩ፦ እሽ ልጄ፣ ሐሙስ ይደርስሻል። አበሉን ተይው፣ ዳቦው ግን ድፎ ይሁን።