የሁለት ዓመት የክለብ ውል ቀረበልኝ፤ ለመመረቅ ደግሞ ሦስት ሴሚስተር ይቀረኛል

የሳቢያኑ ተከላካይ (ጥያቄ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ የ21 ዓመት ወጣት ነኝ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ እየተማርኩ ሲሆን፣ የያዝነውን ሴሚስተር ስጨርስ ሦስት ይቀረኛል። እስካሁን በታችኛው ሊግ ለሚወዳደር ቡድን በመስመር ተከላካይነት ስሰለፍ ትምህርቱንና ኳሱን ጎን ለጎን ማስኬድ አልከበደኝም። የድሬ ሙቀት ራሱ አግዞኛል ማለት እችላለሁ፤ ከፀሐዩ ለማምለጥ ስንል ልምምድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስለምንጨርስ፣ ታጥቤ ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እደርሳለሁ።

አሁን ግን በፕሪሚየር ሊጉ የሚጫወት፣ ከከተማችን ውጭ የሆነ ክለብ የሁለት ዓመት ውል አቅርቦልኛል። አሰልጣኜ «ትምህርት ዕድሜ አይገድበውም፣ ኳስ ግን ዘንድሮ ካልያዝካት ለከርሞ አታገኛትም» ይለኛል። እናቴ ደግሞ መጋላ ቅመም እየሸጠች ያስተማረችኝ የምረቃዬን ቀን ለማየት እንደሆነ በየማታው ታስታውሰኛለች። በተለይ ትምህርቱን አቋርጦ የተመለሰ ወይም እየተጫወተ የተመረቀ ሰው ቢመክረኝ ደስ ይለኛል።

መምህር ከሐረር መንገድ፦

ወንድሜ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ አለህ። እስካሁን ሁለቱን ማስኬድ የቻልከው ቡድንህም ትምህርት ቤትህም አንድ ከተማ ውስጥ ስለነበሩ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች ክለቦች በየሜዳቸው ከመጫወት ይልቅ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ሲያካሂዷቸው አይተናል፤ ድሬዳዋም አስተናግዳለች። በዚህ አካሄድ አንድ ተጫዋች ለሳምንታት ከሰፈሩ ርቆ ይከርማል። የሊጉ ወቅትና የትምህርት ዘመኑም አንድ ላይ ተጀምረው አንድ ላይ ስለሚያልቁ፣ «ኳሱ ሲያርፍ እማራለሁ» የሚለው ሐሳብ ከክረምቱ ወራት ያለፈ ጊዜ አይሰጥህም። ስለዚህ በመደበኛው መርሐ ግብር ሁለቱን እንደ ድሮው አስኬዳለሁ ብለህ አትነሣ።

ብትሄድም ባትሄድም ግን አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ፦ ሳትሰናበት አትጥፋ። በመምህርነት ዘመኔ በኳስም፣ በንግድም፣ በሌላ ምክንያትም ድንገት ከክፍል የቀሩ ተማሪዎችን አይቻለሁ፤ የብዙዎቹ ጉዳት የመጣው ከመሄዳቸው ሳይሆን ወረቀት ሳይሞሉ ከመሄዳቸው ነው። ፈተና ያልተቀመጡበት ኮርስ ውጤት አልባ ሆኖ ይቆይና በመጨረሻ ኤፍ ይሆናል፤ ነጥባቸው ተንኮታኩቶ ሲመለሱ ሬጅስትራሩ በትምህርት ምክንያት የተባረሩ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በወጉ የማቋረጫ ቅጽ ሞልቶ፣ የቤተ መጻሕፍቱንና የመኝታ ክፍሉን ንብረት አስረክቦ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዞ የወጣ ተማሪ ግን በተፈቀደለት ጊዜ ውስጥ ድጋሚ ቅበላ መጠየቅ ይችላል። ያ ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ከጓደኛ ሳይሆን ከሬጅስትራሩ በጽሑፍ ጠይቅ፣ ምክንያቱም ውልህ ሁለት ዓመት ነው። የዚህን ሴሚስተር ፈተና ሳትጨርስም አትውጣ፤ ያለቀ ሴሚስተር በትራንስክሪፕትህ ላይ ይቀመጥልሃል፣ የተጀመረ ግን ከንቱ ይቀራል።

የመውጫ ፈተናንም አትርሳ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በመንግሥትም ይማር በግል ተቋም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣ አይመረቅም። ፈተናው ከቀደሙት ዓመታት ኮርሶችም ስለሚወጣ ደብተሮችህን አትጣላቸው፤ የታክስ ሒሳብ በሁለት ዓመት ውስጥ ከጭንቅላት ተጠርጎ ይጠፋል።

የቀድሞው አሥር ቁጥር፦

መምህር ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን ሂድ ነው የምለው። እኔ የማቋረጫ ቅጽ ሳልሞላ ትምህርቴን ጥዬ የሄድኩ ሰው ነኝ። በሁለተኛው የውድድር ዘመን የጉልበቴ ጅማት ተበጠሰ። ይህ ጉዳት በቀዶ ሕክምና ቢታከም እንኳ ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከሜዳ ያርቃል። ክለቡ የሁለት ወር ደመወዝ ከከፈለኝ በኋላ ስልክ ማንሣት አቆመ። ውሌን አውጥቼ ሳነብ ስለ ሕክምና አንድ መስመር አልነበረውም፤ የፈረምኩት የፊርማውን ገንዘብ ብቻ አይቼ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ፣ ካምፕ ውስጥ የሚጠፋውን ጊዜ ማንም አይነግርህም። በቀን አንድ ወይም ሁለት ልምምድ ትሠራለህ፤ ቀሪው ቀን እንቅልፍ፣ ካርታና ስልክ ነው። እኔ አልጋ ላይ በዋልኩባቸው ወራት በርቀት ትምህርት ከአንደኛ ዓመት ጀመርኩ፤ በኋላ ሳስበው ያ ሞጁል በጤናዬም ዘመን ካምፕ ውስጥ ሊነበብ ይችል ነበር። አካውንቲንግ ላቦራቶሪ የለውም። የያዝካቸውን ኮርሶች የሚቆጥርልህ የርቀት መርሐ ግብር ካለ ከመፈረምህ በፊት አጣራ።

ጀጎል 5፦

ስለ ምሳሌ ከተነሣ የእንግሊዙን ስቲቭ ኮፔልን ላንሣ። ሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ለትራንሚር ይጫወት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ማንቸስተር ዩናይትድ ሲያስፈርመው ትምህርቱን አልተወም፣ ተመረቀ። በጉልበት ጉዳት ምክንያት በ28 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ነገር ግን ሊቨርፑልና ማንቸስተር የሚራራቁት ከድሬ እስከ እኛ ሐረር ያለውን ያህል፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠያቂው ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሆኖ ድሬ ላይ ክፍል ሊገባ አይችልም፤ ስለዚህ የኮፔል መንገድ ለእርሱ አያገለግለውም።

ይልቅ ብራዚላዊውን ሶክራተስን ይመልከት። የሕክምና ትምህርቱን እስኪጨርስ በዚያው በሚማርበት በሪቤራኦ ፕሬቶ ከተማ ክለብ ቆየና፣ ወደ ታላቁ ኮሪንቲያንስ የተዛወረው ከተመረቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በ24 ዓመቱ ነው። በ1982 ዓለም ዋንጫ ብራዚልን በአምበልነት መራ። ጠያቂያችን ሦስቱን ሴሚስተር ጨርሶ ሲመረቅ 23 ዓመት እንኳ ገና ይሞላዋል። አሰልጣኙ ያን ያህል ባያስቸኩሉት ጥሩ ነው።

የቀድሞው አሥር ቁጥር፦

ጀጎል፣ ሶክራተስን ሁለተኛ ጊዜ የሚጠራው ክለብ አይጠፋም ነበር። ከታችኛው ሊግ የመጣ የመስመር ተከላካይ ግን ሁለተኛ ጥሪ ስለማግኘቱ ማን ዋስ ይሆነዋል?

የሳቢያኑ ተከላካይ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ሬጅስትራር ሄጄ የማቋረጫ ቅጹን ጠየቅሁ፤ ፈተናው ሳያልቅ ላለመሄድም ለክለቡ ነግሬ ከፈተና በኋላ እንድቀላቀል ተስማምተዋል። እናቴን ያሳመንኳት ድጋሚ ቅበላ የሚፈቀድበትን ጊዜ የሚገልጸውን ወረቀት አምጥቼ አሳያታለሁ ብዬ ነው። የቀረኝ ውሉ ነው። ስለ ሕክምና «ክለቡ እንደ አስፈላጊነቱ ድጋፍ ያደርጋል» ብቻ ይላል። ይበቃል?

የቀድሞው አሥር ቁጥር፦

አይበቃም። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ይውጣና «በልምምድ ወይም በጨዋታ ለሚደርስ ጉዳት የቀዶ ሕክምናውንና የማገገሚያውን ሙሉ ወጪ ክለቡ ይሸፍናል፣ ደመወዙም እስከ ውሉ ፍጻሜ አይቋረጥም» ተብሎ ይጻፍልህ። እምቢ ካሉ ከመፈረምህ በፊት ማወቅህ ነው። ከፈረምክም አንዱ ኦሪጅናል በእጅህ ይቅር።