ልጆች ሲከተቡ ሕመሙን ያለ መድኃኒት እንዴት እናቅልላቸው?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የ2 ወር ሕፃንና የ4 ዓመት ልጅ አብረው ይከተባሉ። ሕፃኗ በአንድ ቀጠሮ ከአንድ በላይ መርፌ አለባት። ትልቁ ደግሞ ነጭ ጋዋን ገና ሲያይ ይጮሃል። ማስታገሻ ሳልሰጥ ምን ላድርግ? ጡት ማጥባት ይረዳል የሚባለው እውነት ነው? ትን አይላትም?

መልስ፦ የክትባት ክፍል ነርስ

እውነት ነው እህቴ፣ ግን ሰዓቱ ነው ወሳኙ። ብዙዎች ጡት የሚሰጡት ልጁ ተወግቶ ካለቀሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሕመሙ አልፏል። ከመርፌው አንድ ደቂቃ ያህል ቀድማ ጡቱን በደንብ ይዛ መጥባት ትጀምር፤ ሲወጓትም፣ ከዚያም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ትቀጥል። ጭኗን ቀድመሽ ግለጪው፤ ጡት ላይ ካለች በኋላ ሱሪ ማውለቅ ከተጀመረ ትነጫነጫለች፣ ልፋቱም ከንቱ ይሆናል። ትንታውን አትፍሪ። ስትወጋ ደንግጣ ጡቱን ልትለቅ ትችላለች። ጭንቅላቷን ከፍ አድርገሽ ያዣት፣ ጡቱን በግድ አታጉርሻት፤ ትንፋሿ ሲመለስ ራሷ ትይዘዋለች።

ጡት የማትጠባ ከሆነ የስኳር ውሃ አለ። 1 የሻይ ማንኪያ ነጭ ስኳር ፈልቶ በቀዘቀዘ 2 የሻይ ማንኪያ ውሃ ይሟሟል። ከዚህ 2 ሚሊ ሊትር ያህል፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ ከመርፌው 1 ወይም 2 ደቂቃ ቀደም ብሎ ምላሷ ላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ቤት ሰጥተሽ ከመጣሽ ወይም ወረፋ ላይ ከሰጠሻት ጥቅሙ ተራችሁ ሳይደርስ ያልቃል፤ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነውና። የተረፈውን ድፉት። ማር ግን በፍጹም! ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

የሮታ ጠብታ (በአፍ የሚሰጥ የተቅማጥ መከላከያ ክትባት) ካላት ከመርፌዎቹ በፊት እንዲሰጣት ጠይቂ፤ ራሱ ጣፋጭ ነው። ከመርፌዎቹ ደግሞ የሚያቃጥለው መጨረሻ ይሁን። የሳንባ ምች መከላከያው (ፒሲቪ) ከሚያቃጥሉት አንዱ ነው። እሱ ከቀደመ ቀጣዩም የባሰ ያማታል።

መልስ፦ አንድ አባት

ክትባቱን በእጅ ማሞቅና ቦታውን ቀድሞ ማሸትስ?

መልስ፦ የክትባት ክፍል ነርስ

ማሞቁ ሕመም አይቀንስም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ማሸቱንም ተወው። ይልቅ ባለሙያዋ መርፌውን ካስገባች በኋላ ሲሪንጁን ወደ ኋላ ስባ ደም መኖሩን ማየት የለባትም። በጭንና በክንድ የክትባት ቦታ ትልቅ የደም ሥር ስለሌለ አያስፈልግም፤ መርፌው ሥጋ ውስጥ እንዲቆይና እንዲነቃነቅ ብቻ ያደርጋል።

መልስ፦ የሕፃናት ሐኪም

ስለ 4 ዓመቱ ልጅ ልጨምር። በጀርባው አታስተኙት፤ ተንጋሎ ሲያዝ ፍርሃቱ ይብሳል። ጭንሽ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ደረቱ ደረትሽ ላይ፣ እግሮቹ በወገብሽ ግራና ቀኝ። የማይወጋው ክንዱ በብብትሽ ሥር ወደ ጀርባሽ ይለፍ፤ የሚወጋውን ከክርኑ በላይ አቅፈሽ ያዢ። እቅፍ ይሁን፣ እስር አይሁን፤ ሲጨመቅ ይታገላል፣ ጡንቻው ይገተራል፣ የተገተረ ጡንቻ ደግሞ ሲወጋ የበለጠ ያማል። እጅጌው ጠባብ ከሆነ ጠቅልለሽ አታንቂው፣ ልብሱን አውልቂለት።

የምትናገሪውም ነገር ይቆጠራል። «ምንም አያምም» አትበይው፤ ሲያመው በሚቀጥለው አያምንሽም። ጠዋት ላይ «ዛሬ ክትባት አለህ፣ ክንድህን ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል፣ ከዚያ ያልቃል» በቂ ነው። «አይዞህ፣ አይዞህ፣ ይቅርታ ልጄ» እየደጋገሙ ማለት ከፍቅር የሚመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ልጁ ግን የሚሰማው «የሚያስፈራ ነገር እየመጣ ነው» የሚል ነው። በምትኩ ሥራ ስጪው፦ የሳሙና አረፋ ይንፋ፣ ካልተገኘ መዳፍሽን እንደ ሻማ እፍ ይበል። መርፌው የሚገባው አየሩን ሲያወጣ ነው፣ ይህን ለነርሷ ቀድመሽ ንገሪያት። የስልክ ቪዲዮ ከሆነ መርፌው ከመታየቱ በፊት ይከፈት፤ አንዴ ማልቀስ ከጀመረ አያየውም።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማን ይቅደም? ትልቁ የእህቱን ልቅሶ ከሰማ አለቀልኝ።

መልስ፦ የሕፃናት ሐኪም

እሱ ይቅደም። ሕፃኗን ሌላ ሰው ውጭ ይያዝልሽ፤ እሱ ሲጨርስ ይዟት ይግባ፣ አንቺም በሁለት እጅሽ ተረጋግተሽ ታጠቢያታለሽ።