አምፕሊፋየሩ 20 ደቂቃ ሰርቶ ጭጭ ይላል፤ ምን ላድርገው?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

ለማምረቻ አዳራሽ ማስታወቂያ የሚሆን ባለ 500 ዋት አምፕሊፋየር ገጠምኩ። መስመሩ ባለ 100 ቮልት ነው። 14 ስፒከሮች አሉ፤ ሁሉም 30 ዋት ላይ ናቸው። ድምሩ 420 ዋት ነው፣ ከአቅሙ በላይ አልጫንኩበትም።

ሳበራው ድምፁ ጥርት ያለ ነው። 20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ግን ቀዩ የመከላከያ መብራት ይበራና ጭጭ! ትንሽ ሳሳርፈው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

ፋኑ ይዞራል። የአየር ማጣሪያውን ሳወጣው አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ለብሶት ነበር። አጸዳሁት፤ ለውጥ የለም። ስፒከሮቹን ነቅዬ ባዶውን ሳበራው ሁለት ሰዓት ሙሉ አልዘጋም።

መስመሩን በመልቲሜትር ስለካው 6 ኦም አለኝ። ለ500 ዋት ከ20 ኦም መውረድ የለበትም፣ ደነገጥኩ። በኋላ ሳስበው መልቲሜትሩ የሚያነበው የስፒከሮቹን ትራንስፎርመሮች ሽቦ እንጂ ኢምፒዳንሱን (መስመሩ ለድምፅ ሲግናሉ የሚያሳየውን ተቃውሞ) አይደለም። የኢምፒዳንስ መለኪያ ደግሞ የለኝም።

የአንዱ ስፒከር ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ይሆን? በየቅርንጫፉ እየነቀልኩ ልሞክር ወይስ አምፕሊፋየሩን ልክፈተው? ካፓሲተሮቹ ከጠፋ በኋላም ቻርጅ ይዘው ስለሚቆዩ፣ እውነቱን ለመናገር እጄን መክተት ፈርቻለሁ።