ከቅዳሜ ገበያ ወደ አትላንቲክ ዳር፦ ለአራት ቀን የእግር ጉዞ ምን ይያዛል?

የአክስቴ ልጅና ባለቤቷ በመጋቢት ፖርቹጋል ሊሄዱ ነው። ባለፈው ሳምንት ደወለችና «ጋሼ፣ አንተ የሄድክበትን የባሕር ዳር መንገድ እኛም ልንሞክረው ነው፤ ምን እንያዝ?» አለችኝ። ጎንደር ተቀምጦ «የባሕር ዳር መንገድ» የተባለ ሰው በአዘዞ የሚወጣውን አስፋልት ነው የሚያስበው። ትንሽ ግራ ተጋብቼ ነው የገባኝ። ከሷ በፊትም ሦስት አራት ሰው ጠይቆኛል። በስልክ ስተርክ ከምውል አንዴ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ። «የዓሣ አጥማጆች መንገድ» ይባላል። በደቡብ ምዕራብ ፖርቹጋል የአትላንቲክን ገደል ጥግ ይዞ ይሄዳል። ዓሣ አጥማጆች ወደ ማጥመጃቸው ሲመላለሱ ያወጡት የእግር መንገድ ነው። ሙሉው ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እኔና እታለም የሄድነው የታወቀውን ክፍል ነው፤ ከፖርቶ ኮቮ ተነስቶ ኦደሴይሽ የሚደርሰውን። አራት ቀን ነው፦ 20፣ 15፣ 22፣ 18 ኪሎ ሜትር። (እታለም ሊዝበን ነው የምትኖረው። እሷ ባትኖር ኖሮ እኔ አትላንቲክን በካርታ ብቻ ነበር የማውቀው።)

አስጎብኚ የለም። ስሜን ተራራ የወጣ ሰው ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ከፊት፣ በቅሎ ከኋላ ለምዷል። እዚያ የሚመራችሁ ቀለም ነው። ድንጋይና እንጨት ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ መስመር ተቀብቷል። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ከሆኑ ቀጥሉ። ከተጣመሙ ታጠፉ። ከተመሳቀሉ ተሳስታችኋልና ተመለሱ። ፊደል የማይቆጥር ሰው እንኳ አይጠፋም። እኛ የጠፋነው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ወሬ ይዘን ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ገንዘባችሁን ጫማ ላይ አውጡ። ሌላውን ቅዳሜ ገበያ ይችለዋል።

እኔ የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነው። ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ አዲስ «የተራራ» ጫማ ገዛሁ። ያምራል። ቡናማ ነው፣ ቀይ ማሰሪያ አለው። ባለሱቁ ሶሉን እጥፍ ዘርጋ አድርጎ አሳየኝና «ይሄ ጫማ አንተንም ይቀብራል» አለኝ። በሁለተኛው ቀን፣ ወደ አልሞግራቭ ስንሄድ፣ የቀኝ እግሩ ሶል ከፊቱ እንደ አዞ አፉን ከፈተ። በየእርምጃው አሸዋ ይዝቃል። እታለም የፀጉሯን ላስቲክ ፈታች፣ እኔ የቁስል ፕላስተር አወጣሁ፣ እንደ ምንም ጠፍረነው ደረስን። ማታ ሳወልቀው አንድ ጭብጥ አሸዋ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ሁለት ቀን በስፖርት ጫማ ነው የጨረስኩት።

እና ምን ይሻላል? ያየኋቸውን ላወዳድር። የሳልቫጅ ጫማ ከአዲሱ ርካሽ ጫማ ይሻላል፤ ግን መምረጥ ያስፈልጋል። ሶሉን በአውራ ጣታችሁ ጫኑት። ደርቆ የጠጠረ ወይም ጫፉ የሚፈረፈር ከሆነ ተዉት። ምንም ያልተረገጠ የሚመስለው ጫማ ይበልጥ ያጠራጥረኛል፤ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ሶል ከላይ አምሮ ከውስጥ ይበሰብሳል። ጥሩ ካገኛችሁ ሙጫውን አትመኑት። ጫማ ሰፊ ጋ ውሰዱትና ዙሪያውን በናይለን ክር ያስፋችሁ። የመርካቶ የቆዳ ቡት ደግሞ አይቀደድም፣ አይበጠስም፤ ግን ይከብዳል። አሸዋ ላይ አንድ ኪሎ አምስት ኪሎ ነው። ሊዝበን ደርሰን እንገዛለን የሚል ሰውም አለ። እሱን በጭራሽ አልመክርም። አዲስ ጫማ አድርጎ በማግስቱ 20 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ውኃ በቋጠረ ተረከዝ ነው የሚመለሰው። ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ከሁለት ወር በፊት ያምጣላችሁ፣ አንድ ቁጥር ከፍ ይበል፣ እዚሁ ጎንደር ኮብልስቶን ላይ ተለማመዱበት።

አሸዋ አሸዋ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ገደል ሲባል ድንጋይ ነው የሚመስለው። መንገዱ ግን ብዙውን ጊዜ ገደሉ ላይ በተከመረ አሸዋ ላይ ነው የሚሄደው። ቁርጭምጭሚት ድረስ ይውጣችኋል። ለዚህ ሱቅ የሚሸጥ የአሸዋ መከላከያ አለ፤ ጫማውን ከላይ የሚሸፍን። እኔ ቅዳሜ ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ከድንኳን ሸራ ቁራጭ ሠራልኝ። ከላይ ላስቲክ፣ ከጎን ተለጣፊ፣ ከፊት ከጫማ ማሰሪያው ጋር የሚያያዝ መንጠቆ። ሰፊው «ለንብ ነው?» ብሎኛል። ከያዝኩት ዕቃ ሁሉ እንደሱ ያገለገለኝ የለም። የሶሉን አፍ ግን እሱም አልዘጋውም።

ጋቢ አትያዙ። እኔ ይዤ ሄጄ እታለም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «ለለቅሶ ነው የመጣኸው?» አለችኝ። ማደሪያው ሁሉ አንሶላና ብርድ ልብስ አለው። ነጠላ ግን ያዙ፤ ወንዱም ሴቱም። ነፋሱ ከባሕር ያለ ማቋረጥ ይመጣል፣ ጥላ የሚባል ነገር ብርቅ ነው። አንገት ላይ ሲጠመጠም ፀሐይም ነፋስም ይከላከላል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ምንጣፍ ይሆናል። ዝናብ የማያስገባ ቀጭን ጃኬትም ሳልቫጅ ተራ ታገኛላችሁ። ውኃ አፍስሱበትና ሞክሩት፣ ሻጩ ይቆጣ እንደሆነ ይቆጣ። ፓወር ባንክ ግዙ አልልም። መብራት እየሄደ እየመጣ ጎንደር ውስጥ ፓወር ባንክ የሌለው ሰው ማን አለ?

ስንቅ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እናቶቻችን መንገደኛ ሲሸኙ ቋንጣ፣ ቅቤና ጭኮ ይቋጥራሉ። አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል። በቅቤ የተለወሰው ጭኮም ያስይዛችኋል። ጉምሩክ ላይ የእናትን ጭኮ ቆሻሻ ውስጥ ሲጥሉት ከማየት እዚሁ በልቶ መሄድ ይሻላል። የተቆላና የተፈጨውን ግን የኔን ማንም አልነካውም።

ከቆሎና ከበሶ የቱ? ቆሎ ለአውቶቡስ ነው። ስትራመዱ አፍ ያደርቃል፣ በየመንደሩ መካከል ደግሞ ውኃ እንደ ልብ አይገኝም። በሶ ይበልጠዋል። ጠዋት በውኃ መያዣ ፕላስቲክ ውስጥ ሁለት ሦስት ማንኪያ በሶ፣ ስኳር፣ ቁንጣሪ ጨው፤ ስትፈልጉ ውኃ ጨምሮ መምታት ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ፈረንሳዊ መንገደኛ ምን እንደምጠጣ ጠይቆኝ አቀመስኩት። በጨዋ ደንብ አመሰገነ፤ ሁለተኛ አልጠየቀም። ዳቦ ቆሎ በዘይት የተሠራ ከሆነ ጥሩ ነው። ውኃ በነፍስ ወከፍ ከሁለት ሊትር አታሳንሱ።

መጋቢት ላይ ዐቢይ ጾም ነው። የአክስቴ ልጅ የምትጾም ስለሆነ ይህን በተለይ ለሷ ነው የምጽፈው። አገሩ የዓሣ አገር ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቀሳውስቱ ልተወው። የማይበላ ሰው አይራብም፤ አብዛኛው መንገድ የሚያልፍበት የአሌንቴዦ አውራጃ ዳቦ እውነተኛ ዳቦ ነው፤ ቅርፊቱ ወፍራም፣ ውስጡ ጠንካራ። ከወይራ ፍሬና ከሽምብራ ጋር ምሳ ይሆናል። ሾርባ ስታዙ ግን ተጠንቀቁ። «ካልዶ ቬርዴ» የሚሉት የጎመን ሾርባ አለ። የጾም ይመስላል፤ ውስጡ የአሳማ ቋሊማ ቁራጭ ይጣልበታል። ቀድማችሁ ጠይቁ። ግማሽ ኪሎ ሽሮ ያዙ፤ ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ ካገኛችሁ ትሠራላችሁ።

ሻንጣና ማደሪያ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሁሉንም ለድርጅት መስጠት ነው። መኝታ ይይዙላችኋል፣ ካርታ ይሰጧችኋል፣ ሻንጣችሁን በየቀኑ በመኪና ወደሚቀጥለው መንደር ያደርሳሉ። እናንተ የምትሸከሙት ምሳችሁን ነው። ምቾት አለው፣ ዋጋውም እንደዚያው። ሌላው መኝታውን ራሳችሁ በስልክ ይዛችሁ ለሻንጣው ብቻ መክፈል ነው። እኔ ይህን ነው የምመርጠው። መንደሮቹ ትንንሽ ናቸው፣ እንግዳ ማረፊያና የጋራ ክፍል ያላቸው ርካሽ ማደሪያዎች አሉ፤ ቀድሞ መያዝ ብቻ ነው። ለቪዛ ማመልከቻም የማደሪያ ማስረጃ ስለሚጠየቅ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። ድንኳን አስባችሁ ከሆነ ተዉት። አካባቢው የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል ነው፣ ሜዳ ላይ ድንኳን መትከል ክልክል ነው።

ሻንጣ አመላላሾቹ በአብዛኛው ሰዓት ያከብራሉ። የእኛ ግን አንድ ቀን ሌላ መንደር ሄዶ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የደረሰው። ቀን ሙሉ አሸዋ ውስጥ ውሎ ቅያሪ ካልሲ ማጣት ቀላል አይደለም። ፓስፖርት፣ መድኃኒትና አንድ ጥንድ ካልሲ ከጀርባችሁ አይለይ።

ልምምድን በተመለከተ ጎንደሬ በትንፋሽ አይታማም። ከ2,000 ሜትር በላይ ኖሮ ወደ ባሕር ጠለል የወረደ ሰው ሳንባው ይከፈትለታል። የቁስቋምን ዳገት የሚወጣ ሰው እዚያ ዳገት አያገኝም ማለት ይቻላል። የሚያሠቃየው ባት ነው። አሸዋ ባት ይበላል። እዚህ አሸዋ የለንም፤ የታረሰ ማሳ ግን አለን። የማሳው ባለቤት ከፈቀደ ቅዳሜ ጠዋት ጓሉ ላይ ተመላለሱ። እሑድ ደግሞ ቦርሳችሁን ሞልታችሁ ከፒያሳ አዘዞ በእግር ደርሳችሁ ተመለሱ። ሰው «ታክሲ ጠፋ እንዴ?» ይላችኋል። ቻሉት።

ወቅቱን መጋቢት ማድረጋቸው ጥሩ ነው። አበባው የሚፈነዳው ያኔ ነው፤ ገደሉ አፍ ድረስ ቢጫና ሐምራዊ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ግን አሸዋው ይግላል፣ ሰዉም ይበዛል።

ስለሚታየው ብዙ አልልም፣ ሂዱና እዩት። ሁለት ነገር ብቻ። በመጀመሪያው ቀን ከዳርቻው ትንሽ ራቅ ብላ የፔሴጌይሮ ደሴት ትታያለች፤ ትይዩዋ የድሮ ምሽግ አለ። በሦስተኛው ቀን ሳርዳዎ የሚባል አፈ ገደል ላይ ትደርሳላችሁ። እዚያ ሽመላዎች ባሕሩ ውስጥ በቆሙ ቋጥኞች ጫፍ ላይ ጎጆ ይሠራሉ። ከታች ማዕበሉ ይጋጫል፣ እናት ሽመላ እንቁላሏ ላይ ቁጭ ብላለች። ነጭ ሽመላ ባሕር ገደል ላይ ሲራባ የሚታየው በዚህ አካባቢ ነው። ግን ጫፍ ላይ አትቁሙ። ድንጋዩ ይናዳል፣ ነፋሱም ድንገት ይገፋል። ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ የምትራመዱ ሰዎች፣ እናንተን ነው።

አንድ ጨዋታ ልጨምር። ወደ ፖርቶ ኮቮ ስትሄዱ ሲኔሽ የምትባል ከተማ በቅርብ አለች። ቫስኮ ዳ ጋማ የተወለደባት ናት። ልጁ ክርስቶፎር ዳ ጋማ ነው በ1541 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 400 ወታደር ይዞ ወደ እኛ አገር የመጣው፤ በማግስቱ ዓመት እዚሁ ሞተ። ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ አፄ ፋሲል የኢየሱሳውያንን ቄሶች አባረሩ። እዚያ ቡና ቤት ውስጥ ለአንድ ሽማግሌ ከጎንደር ነኝ ብዬ ይህን በእታለም አስተርጓሚነት ነገርኩት። ሰውየው ጥቂት ዝም ብሎ ቡናዬን ከፈለልኝ።

የመመለሻውን ነገር ሳልረሳ። ከሊዝበን የሚነሳው አውቶቡስ ሴቴ ሪዮሽ ከሚባል መናኸሪያ ነው። ከኦደሴይሽ መመለሻው ግን በቀን ብዙ ጊዜ አይመላለስም። ቲኬቱን ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ፤ አራተኛው ቀን ላይ ደርሳችሁ አውቶቡሱ ቢያመልጣችሁ ሌላ መኝታ ልትፈልጉ ነው።