ትንኟን ራሷን ወባ አይጎዳትም እንዴ?

መተሃራ24፦
ሰላም ናችሁ። እኛ ጋ ወባው በርትቷል፣ ቤት ውስጥ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተኛል። ታናሽ ወንድሜ አንድ ነገር ጠየቀኝና መልስ አጣሁ። ትንኟ የታመመ ሰው ስትነክስ ፓራሳይቱ ከደሙ ጋር ሆዷ ይገባል አይደል? ታዲያ ሰውነቷ አይከላከልም? ከተከላከለስ ለእኛ እንዴት ይተርፋል? የገባችሁ በቀላል አማርኛ አስረዱኝ፣ ሊንክ ጥላችሁ ብቻ እንዳትሄዱ።

የላብ_ሰው፦
ትከላከላለች፣ ያውም በደንብ። እንደኛ አንቲቦዲ የላትም እንጂ ባዶ እጇን አይደለችም። ፓራሳይቱ ከገባ አንድ ቀን ገደማ በኋላ የአንጀቷን ግድግዳ ሰርስሮ ለማለፍ ይሞክራል፣ በብዛት የሚያልቀውም እዚያ ነው። በደሟ ውስጥ ቴፕ1 የሚባል ፕሮቲን አለ፣ ፓራሳይቱ ላይ ይለጠፍና ይገድለዋል። ቴፕ1 ግን ብቻውን አይቆምም፣ ኤልሪም1 እና ኤፒኤል1ሲ የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ደግፈው ያቆዩታል። በፈረንጆቹ 2004 በታተመ ሥራ የቴፕ1ን ጂን ሲያፍኑት የፓራሳይቱ ቁጥር አምስት እጥፍ ገደማ ጨመረ። ልብ በል፣ ያ የአይጥ ወባ ነው፤ ብዙ ሰው ይቺን ዘሎ ነው የሚያወራው።

ለእኛ እንዴት ይተርፋል ላልከው፣ ከመቶዎቹ አንዱ ብቻ ቢያመልጥ ይበቃል። አንጀቷ ላይ ተለጥፎ በሺዎች ይራባል፣ ከዚያ ወደ ምራቅ እጢዋ ይሄዳል።

አርባምንጭ_ነኝ፦
የላብ ሰው ያለው ልክ ነው፣ ግን ዋናውን ነገር ዘለለው። የሰው ወባ፣ በተለይ ፋልሲፓረም፣ ዝም ብሎ አይሞትላትም። ፒኤፍኤስ47 የሚባል ጂን አለው፣ በእሱ ከትንኟ መከላከያ ይሰወራል። የሚገርመው ደግሞ ጂኑ ከአህጉር አህጉር ይለያያል፤ የአፍሪካው ፓራሳይት ጋምቢዬ የምትባለውን የአፍሪካ ትንኝ ያታልላል፣ የደቡብ አሜሪካው ደግሞ የዚያን አገር ትንኝ። በፈረንጆቹ 1986 ፓራሳይቱን በጥቁር ሽፋን ጠቅልላ የምትገድል የጋምቢዬ ዝርያ ላብራቶሪ ውስጥ መርጠው አራብተው ነበር። የሌላ አህጉሩን ፋልሲፓረም አጠቆረችው፣ የአፍሪካው ግን አብዛኛው አመለጣት። እንግዲህ ትንኟ ደካማ ስለሆነች አይደለም፣ ፓራሳይቱ አብሯት ኖሮ ስላወቃት ነው።

መተሃራ24፦
በጣም ተመቸኝ፣ ወንድሜም አብሮኝ እያነበበ ነው። እንደዚህ ከሆነ ከውጭ የገባችው ስቴፈንሲ የእኛን ፓራሳይት ማሸነፍ አልነበረባትም?

አርባምንጭ_ነኝ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን አልሆነም። ስቴፈንሲ የእስያ ትንኝ ናት፣ እዚህ አገር መጀመሪያ የታየችው በፈረንጆቹ 2016 ቀብሪደሃር ነው። በኋላ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ሲፈትሿት የአገራችንን ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም ሆዷ ውስጥ ታሳድጋለች። በፈረንጆቹ 2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው ወረርሽኝም ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው። ላብራቶሪ ላይ ግን መከላከያዋን ማጠንከር ይቻላል። ካስፓር የሚባል ጂን አለ፣ ሥራው መከላከያውን ማፈን ነው፤ እሱን ሲያጠፉት ስቴፈንሲም ጋምቢዬም ፋልሲፓረምን ክፉኛ ተቋቋሙት።

ጣና_ዳር፦
ታዲያ ለምን ያንን ጂን አጥፍተው አይለቋትም? አስር ዓመት ሙሉ «በላብራቶሪ ተቻለ» ብቻ ነው የምንሰማው።

የላብ_ሰው፦
መከላከያ ነጻ አይደለማ። መከላከያዋ ሲነቃ የምትጥለው እንቁላል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዱር ብትለቃት ዘሯ በሌሎቹ ይዋጣል። ቴፕ1 ራሱ ደግሞ በወንዱ ትንኝ ላይ ሌላ ሥራ አለው፣ የተበላሹ የዘር ሴሎችን ያጸዳል፤ እሱን ነካክተህ ሌላ ነገር ልታበላሽ ትችላለህ። ጂኑ በግድ ወደ ልጆች እንዲተላለፍ የሚያደርግ ዘዴ እየተሞከረ ነው፣ እሱ ግን የራሱ ረጅም ክርክር አለው፣ ሌላ ጥያቄ ክፈቱለት። መተሃራ፣ ለጊዜው በርሜልና የውሃ ታንከር ክደኑ፣ ስቴፈንሲ የምትራባው እዚያ ነው።